ሦስተኛው አዝማች፦ የአንድ የመድረክ ቅጂ ጥገና ማስታወሻ

ማክሰኞ

ዋናው ካሴት እጄ ገባ። ባለ 90 ደቂቃ ነው፤ ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ ከተጻፈው ውስጥ ሳይደበዝዝ የቀረው የዘፋኟ ስም ብቻ ነው። ስሟን እዚህ አላነሳውም፤ ከቤተሰቧ ጋር የመብቱ ነገር ገና አላለቀም። የቀዱት ጋሼ ናቸው። ጎረምሳ ሳሉ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ቴፕ ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው አዳራሽ ገቡና መብራቱ ሲደበዝዝ መቅጃውን ተጫኑ። ቅጂው ከዚያ ወዲህ ከሰው ሰው ሲገለበጥ ኖሯል፤ እኔም እስከ ዛሬ ስሰማ የነበረው የቅጂውን ቅጂ ነው።

ያንኑ ዘፈን ስቱዲዮ ገብታም ቀድታዋለች። የስቱዲዮው ንጹህ ነው፤ ባንዱ አንድ ላይ ይነሳል፣ አንድ ላይ ያርፋል፣ ድምፅዋ ላይ እንከን አይወጣለትም። ሰምቼው አልፌዋለሁ። የአዳራሹ ግን ሦስተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ውርር ያደርገኛል። የት ቦታ እንደሚመጣ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ማወቄ ግን አላዳነኝም። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፦ ካሴቱ ጨርሶ ሳይበላሽ ወደ ኮምፒውተር ማሻገርና፣ እግረ መንገዴን እዚያች ቦታ ላይ ምን እንዳለ ሞገዱን ከፍቼ ማየት።

ጋሼ ካሴቱን ሲሰጡኝ አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ።

«ሳሌን አውጣልኝ።»

«የቱን ሳል፣ ጋሼ?»

«ሦስተኛው ላይ ልትገባ ስትል የሚሰማውን ነዋ! እኔ ነኝ እኮ። ዕድሜ ልኬን ሲያሳፍረኝ የኖረ ሳል ነው፣ ልጄ።»

ረቡዕ

ካሴቱን ፈታሁት። ደግነቱ በብሎን የታሰረ ነው፤ በሙጫ የተዘጋ ቢሆን ኖሮ ቀፎውን መስበር ግድ ይሆን ነበር። ቴፑን ከሄዱ (ድምፁን ከቴፑ ላይ ከሚያነበው የማጫወቻው ክፍል) ጋር የሚያስጠጋው ትንሽ ስፖንጅ ሙጫው ደርቆ ወድቋል። ከአንድ ባዶ ካሴት ነቅዬ ተካሁት። ጥፍር አታክልም፣ ግን እሷ ካልተጫነች ቴፑ ከሄዱ ላይ በፀጉር ስፋት ይርቃል፤ ሲርቅ ደግሞ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ «ስ» እና «ሽ»፣ የከንፈር መላቀቅ፣ ትንፋሽ።

ምክንያቱ የካሴቱ አሠራር ላይ ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 (ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) ሲያወጣው ለንግግር መቅጃ አስቦት እንጂ ለሙዚቃ አልነበረም። የቴፑ ስፋት 3.81 ሚሊሜትር ነው፣ የሚሄደው በሰከንድ 4.76 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት የ10,000 ሄርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ቴፑ ላይ የሚይዘው ቦታ ከሚሊሜትር 200ኛ ያነሰ ነው። ትንሽ ቆሻሻ፣ ትንሽ መዛነፍ፣ አለቀ።

ሄዱን፣ የብረት ዘንጉንና የጎማ መንኮራኩሩን በአልኮል ጠረግኩ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ነው የወጣው፤ ነጭ እስኪወጣ ድረስ ደጋገምኩት። ከዚያ ቴፑን ሳላጫውት እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ ተመልሶም ወደኋላ አጠነጠንኩት። ለዓመታት አንድ ቦታ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ቴፕ እንዲህ ካልተፍታታ ሲሄድ ይጎተታል።

ማታ ላይ የሄዱን ማዕዘን፣ አዚሙዝ የሚሉትን፣ ማስተካከል ጀመርኩ። ከሄዱ ጎን ያለችውን ብሎን በትንሽ መፍቻ ቅንጣት ታህል እያዞሩ ጆሮ መስጠት ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም። መነሻ ያደረግኩት የመጀመሪያዋን ስንኝ ነው፤ ሁለት «ስ» ተከታትለው ይመጣሉ። ወደ ግራ ሳዞረው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና የምትዘፍን ይመስላል። ወደ ቀኝ ጥቂት ሳልፍ ደግሞ እንደዚያው። መሃል ላይ አንዲት ነጥብ አለች፤ እዚያ ላይ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

ሐሙስ

በ96 ኪሎሄርዝ፣ በ24 ቢት ቀዳሁት። ዶልቢውን፣ የካሴት ሹሹታ መቀነሻውን፣ ዘግቼ ነው። የጋሼ ቴፕ ዶልቢ አልነበራትም፤ ያለ ዶልቢ የተቀዳን ካሴት ዶልቢ ከፍቶ ማጫወት ቀጭኑን ድምፅ ያለጥፋቱ ማፈን ነው። ቅጂዎቹ ላይ የማላውቀው ነገር ተሰማኝ፤ ከእያንዳንዱ ስንኝ በፊት አየር ስትስብ ይሰማል። ሌላው ነገር ሁሉ ይቆየኝ ብዬ ይህንን ብቻ ሳዳምጥ አመሸሁ።

ዓርብ

የፍጥነቱ ነገር። ይህ ቀን የሥራው ሁሉ ወሳኝ ቀን ነው ብል አላጋነንኩም።

መድረክ ላይ ያሉ የድምፅ ማጉያዎች ከኤሌክትሪኩ የመጣ ህምታ ይለቃሉ። ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ ህምታው ጎልቶ የሚሰማው 100 ሄርዝ ላይ ነው። ሰው ልብ አይለውም፣ ማይክራፎን ግን ከሙዚቃው ጋር አብሮ ይቀዳዋል። ስለዚህ ቀጂው ሳያስበው ቴፑ ላይ መለኪያ ትቶ ያልፋል ማለት ነው። ስፔክትሮግራሙን፣ ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን በሥዕል የሚያሳየውን፣ ከፍቼ ታችኛውን ክፍል ሳጎላው ሁለት መስመር አገኘሁ። አንዱ 100 ላይ ቀጥ ብሎ ተጋድሟል፤ እሱ የራሴ ማጫወቻ ህምታ ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ ላይ 101 አካባቢ ይነሳና ቀስ እያለ ይወጣል። የካሴቱ አንደኛ ወገን ሲያልቅ 103 ገብቷል።

ነገሩ የባትሪው ድካም ነው። ባትሪው ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፣ ቴፑም እየተጎተተ ይቀዳል፤ ያንኑ በትክክለኛው ፍጥነት ስናጫውተው ሁሉም ነገር ይፈጥናል፣ ይከርራል። ከመቶ ሦስት ማለት ወደ ግማሽ ሴሚቶን (ሴሚቶን ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው) ይጠጋል። ባንድ ጊዜ ቢሆን ጆሮ ይነቃበታል፤ በ45 ደቂቃ ውስጥ ተንፏቅቆ ሲመጣ ግን ዘፋኟ የጋለች ነው የሚመስለው። ይህን ቅጂ የሚያውቅ ሰው ሁሉ «እየቆየች እየተቀጣጠለች ነው የምትሄደው» ይላል። እኔም ስል ኖሬያለሁ። ከዚያ እሳት ውስጥ የባትሪ ድርሻ እንዳለበት ማየት ደስ አይልም።

ትልልቆቹም ዘንድ ያጋጥማል። የጃዝ መለከት ነፊው ማይልስ ዴቪስ በ1959 ያወጣው ዝነኛ አልበም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሥራዎች የተቀዱት በዘገየ ማሽን ስለነበር ለአሥርተ ዓመታት ከልካቸው ከርረው ሲሸጡ ኖረው፣ የተስተካከሉት በ1990ዎቹ ነው። በዚያ መካከል ስንቱ ሙዚቀኛ ከሸክላው ጋር አብሮ ሲለማመድ መሣሪያው አልገጥም ብሎት ይሆን!

መስመሩን ተከትዬ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ መለስኩት፤ ሁለተኛው መስመር 100 ላይ ቀጥ አለ። ድምፅዋ ወፈረ። ንዝረቱም ረገበ፤ የሠለጠነ ድምፅ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይርገበገባል፣ የእሷ ወደ 6 ወረደ። ከቅጂው የማውቃት ልጅ እግር ዘፋኝ ሄዳ በምትኳ የበሰለች ሴት መጣች። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፋኝ፤ ከፈራሁት ነገር ግን ተርፌያለሁ። ሦስተኛው አዝማች ሲመጣ፣ ሙቀቱ በርዶ፣ ክሩ ረግቦ፣ ያው ውርር አደረገኝ። ስለዚህ ነገሩ ድምፁ መክረሩ ላይ አይደለም።

ቅዳሜ

የቴፑን ሹሹታ ቀነስኩ። ሶፍትዌሩ ማንም የማይዘፍንበትን ቅጽበት ወስዶ የሹሹታውን መልክ ያጠናል፣ ከዚያ ከጠቅላላው ላይ ይቀንሰዋል። እስከ ጥግ ሲጫኑት ካሴቱ ዝም ይላል፣ ግን ዘፋኟም መተንፈስ ታቆማለች፤ ትንፋሽም ራሱ ሹሹታ ስለሆነ ማሽኑ አይለየውም። 4 ዴሲቤል ብቻ ቀንሼ ተውኩት።

ያረጀ ነገር ሁሉ ይቀደስ የምል ሰው ግን አይደለሁም። ባለ 90 ደቂቃ ቴፕ ቀጭን ነው፤ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ የአንዱ ዙር መግነጢስ ወደ ጎረቤቱ ዙር ያልፋል። በዚህ የተነሳ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከትልቁ ጩኸቷ ሁለት ሰከንድ ያህል ቀድሞ ያው ጩኸት በሩቁ ይሰማል፣ አስቀድሞ ምስጢር እንደሚያወጣ ሰው። ያንን አጥፍቼዋለሁ፣ አልጸጸትበትም።

የአዳራሹን ጩኸት አልነካሁም። አሜሪካዊው የሶል ዘፋኝ ሳም ኩክ በጃንዋሪ 1963 ማያሚ በሚገኘው ሃርለም ስኩዌር ክለብ የዘፈነውን የሸክላ ኩባንያው ሻካራ ነው፣ ከለመድነው ለስላሳ ስሙ ጋር አይሄድም ብሎ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦት፣ የወጣው በ1985 ነው፤ እሱ ከሞተ ከ20 ዓመት በኋላ። ዛሬ ሰው ከሥራዎቹ መካከል የሚያስቀድመው ያንን ሻካራ ነው። እዚያ ቅጂ ላይ ሕዝቡ እሱ ጋር አብሮ ይሠራል፤ ቢያጠፉት ዘፈኑ ግማሽ ይሆናል።

እሑድ

ሳሉ ላይ ደረስኩ።

ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ ባንዱ ይወርዳል። ፒያኖው ዝም ይላል፣ ድራመሩ በመጥረጊያው ቆዳውን ብቻ ይዳስሳል፣ ቤዙ አንድ ኖታ ይዞ ይቆያል። ምቱ ዝግ ያለ ነው፣ አንዱ ምት ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይርቅም። አዝማቹ የሚጀምረው በመጀመሪያው ምት ላይ ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ዙር ላይ ከምቱ 0.2 ሰከንድ ያህል ዘግየት ብላ ገብታለች፤ ይህ ልማዷ ነው፣ ጎበዝ ዘፋኝ ምቱን ከኋላ ሆኖ ይገፋዋል። ሦስተኛው ላይ ግን 1.4 ሰከንድ ዘግይታለች።

ሞገዱን አጉልቼ ቅደም ተከተሉን አየሁት። መጀመሪያ ትልቅ ትንፋሽ ትስባለች፣ እንደ ቀደሙት ሁለት ዙሮች ያለ፣ ለጩኸት የተዘጋጀ። ወዲያው ጋሼ ይስላሉ። ደረቅ ሳል ነው፣ ሁለት ጊዜ፤ ሁለተኛው በትክክል እሷ ልትገባበት የሚገባው ምት ላይ ያርፋል። አትገባም። ቤዙ ኖታው ሊሞትበት ሲል እንደገና ይመታዋል፣ ያ ምት ሌሎቹ ዙሮች ላይ የለም። ከዚያ ሁለተኛ ትንፋሽ ትስባለች፣ አጭር፣ ከንፈሯ ገና የተከፈተ ይመስል። ከዚያ ትገባለች፤ ከቀደሙት ዙሮች 6 ዴሲቤል ዝቅ ብላ፣ ከዜማው ሥር ተነስታ፣ በንግግርና በዘፈን መካከል። ግጥሙ ያው ነው፣ ዜማውም ያው ነው። ሦስተኛው ቃል ላይ ብቻ ድምፅዋ ከላይኛዋ ኖታ ላይ ትንሽ ተደግፎ ወደ ቦታው ይወርዳል።

ልትጮኽ ነበር የተዘጋጀችው። ለጩኸት የሳበችውን አየር ይዛ፣ አንድ የማታውቀው ጎረምሳ ሳሉን እስኪጨርስ ቆመች፤ ሲጨርስ ጩኸቱ ጊዜው አልፎበት ስለነበር ሌላ ነገር ዘፈነች። እኔ የማየው ይህንን ነው።

የጃዝ ዘፋኟ ኤላ ፊትዝጄራልድ በፌብሩዋሪ 1960 በርሊን መድረክ ላይ የዘፈኑ ግጥም ከመሃል ጠፍቶባት ቃል ከራሷ እየፈጠረች፣ መርሳቷንም ራሱን እየዘፈነች ጨረሰችው፤ ያ ቅጂ ግራሚ ሸለማት። ግብፃዊቷ ዘፋኝ ኡም ኩልሱም ደግሞ በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ በካይሮ ሬዲዮ በቀጥታ ስትዘፍን አንዷን ስንኝ ስንት ጊዜ እንደምትመልሳት የሚወስነው የሕዝቡ ጩኸት ነበር፤ አንድ ዘፈን ሰዓት የሚያልፈው በዚያ የተነሳ ነው። የእኛዋ ከአዳራሹ የደረሳት ሳል ብቻ ነው፣ በእሱም ሠራችበት።

ማክሰኞ

ሦስት ቅጂ አዘጋጀሁ። «ሀ» እንዳለ ነው። «ለ» ላይ ሳሉን አጥፍቼ ቦታውን ከዚያው አዳራሽ በተወሰደ ጸጥታ ሸፍኜዋለሁ፣ ጊዜው ግን አልተነካም። «ሐ» ላይ ሳሉን ከነጊዜው ቆርጬ ገጣጥሜዋለሁ፤ እንደ ልማዷ ምቱ ላይ ትገባለች። ቆረጣው ቤዙ ላይ አስቸግሮኝ ነበር፣ በመጨረሻ ግን ስፌቱ አይታወቅም።

ዘፈኑን ለማያውቁ ጓደኞቼ፣ ምን እንዳደረግኩ ሳልነግር፣ ለአንዱ አንዱን፣ ለሌላው ሌላውን አሰማኋቸው። ጥናት አይደለም፣ የሳሎን ሙከራ ነው። «ሐ»ን የሰማው «ጥሩ ድምፅ አላት» ብሎ ስልኩን አነሳ። «ለ»ን የሰማችው ፊቷን ቀና አድርጋ «ምን ሆና ነው የቆመችው?» አለች፤ ልቧ ተነክቷል፣ ግን የተጠና ትወና መስሏታል። «ሀ»ን የሰማው ክንዱን አሻሸ። ሳሉን ሰምቶት እንደሆነ በኋላ ስጠይቀው «የምን ሳል?» አለኝ።

ለራሴ «ሐ»ን ደጋግሜ ሰማሁት። ድምፁ ያው ድምፅ ነው፤ ያው የዝቅታ አገባብ፣ ያው ወደ ቦታው የሚወርደው ሦስተኛ ቃል። ሰውነቴ ግን ጸጥ አለ። አንድ ሰከንድ ከምናምን ባዶ ጊዜ ብቻ ነው የወሰድኩባት።

የሥነ ልቦና ሰዎች በዚህ ላይ ያሉትን አውቃለሁ። ጆን ስሎቦዳ በ1991 ባወጣው ጥናት ሰዎች እንባ መጣብን ያሉባቸውን የሙዚቃ ቦታዎች ሲመረምር በብዛት ያገኘው እንደዚያች ሦስተኛ ቃል ያለውን፣ ጎረቤት ኖታ ላይ ተደግፎ የሚወርድ ዜማ ነው። በ2011 ደግሞ የሞንትሪያል ተመራማሪዎች ሰው ውርር በሚያደርገው ሙዚቃ ወቅት አንጎሉ ውስጥ ዶፓሚን እንደሚለቀቅ አሳይተዋል፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች፦ አንዱ ሲጠበቅ፣ አንዱ ሲደርስ። የእኔ «ሐ» ቅጂ መድረሱን ትቶ መጠበቁን ነው የቆረጠው። ስሎቦዳ ያለው ወራጅ ኖታ እዚያው አለ፣ ብቻውን ግን አልጠቀመም።

ሐሙስ

ጋሼ መጡ። የጆሮ ማዳመጫ አልወድም ስላሉ በድምፅ ማጉያው አሰማኋቸው። ፍጥነቱ የተስተካከለውን ሲሰሙ ገና የመጀመሪያው ስንኝ ላይ «እሷ ናት!» አሉ። «ያ ሁሉ ሰው የሚያዞረው የልጅ ድምፅ የእሷ አልነበረም፤ እኔ እኮ ሰምቻታለሁ!» ለእኔ ከህምታው መስመር ይልቅ ይህ ምስክርነት በለጠብኝ።

ሦስተኛው አዝማች ጋ ስንደርስ መጀመሪያ «ለ»ን፣ ከዚያ «ሀ»ን ከፈትኩላቸው። ሳላቸው ሲመጣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ዛሬም ያፍራሉ። ሁለቱን ትንፋሾች ስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው።

«እና ጠበቀችኝ ነው የምትለኝ?»

«እንደዚያ ነው የሚመስለኝ፣ ጋሼ።»

«ኧረ ተወኝ! ግጥሙ ጠፍቷት ይሆናል።»

«ሁለት ጊዜ የዘፈነችውን አዝማች?»

መልስ አልሰጡኝም። ትንሽ ቆይተው «እንደገና አድርገው» አሉ። እንደገና አደረግኩት። በዚህኛው ዙር ሳሉ ሲመጣ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ ቤዙን ሲሰሙ ግን ጣታቸውን አንስተው «ይኼን ሰውዬ አየኸው? ያዘላት እኮ!» አሉ። ቤዙ እንደገና መመታቱን ከእኔ ውጪ ልብ ያለ ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ለማንኛውም ትእዛዛቸው አልተሻረም። «ለልጆቼ የምሰጠው ላይ ሳሉ አይኑር።» ስለዚህ የእሳቸው ፍላሽ ላይ «ለ» ነው ያለው። ለዘፋኟ ቤተሰብ የሚሄደውና ለማቆያ የሚቀመጠው «ሀ» ነው፤ ከእሱ ጎን ምንም ያልተነካው ጥሬ ቅጂ፣ ከነተሳሳተ ፍጥነቱ፣ ለብቻው ተቀምጧል። ነገ የተሻለ መሣሪያ ያለው ሰው ከዚያ ሊነሳ ይችላል። «ሐ»ን ደምስሼዋለሁ።

ቅዳሜ

ሁለተኛው ወገን። ካሴቱ ሲገለበጥ አዚሙዙ ስለሚዛነፍ ብሎኗን እንደገና ማዞር አለብኝ፤ በዚህ ወገን ያሉት «ስ»ዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው፣ በድራመሩ ጸናጽል ነው የምመራው። የህምታውን መስመር ቀድሜ አየሁት። 103 ላይ ከቆመበት ይቀጥላል ብዬ ስጠብቅ በትክክል ከ100 ጀመረ።

ጋሼ ዘንድ ደወልኩ። በዕረፍቱ ባትሪ ቀይረዋል።

«ከየት አመጡ በዚያ ሰዓት?»

«ከዘበኛው የእጅ ባትሪ አውጥቼ ነዋ። ስትጨርስ መልሼለታለሁ።»